ያልቀለመ ሁሉ ኔጋቲቭ አይደለም፦ የማህፀንና የፕሮስቴት ካንሰርን ከፓራፊን ብሎክ ያጠናሁበት መንገድ

ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፤ መልሳቸው የሚፈለገውም ከፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ ከተቀመጠ የሕመምተኛ ህብረሕዋስ) በተቆረጠ ስስ ቁራጭ ላይ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚፈለገውን ፕሮቲን በሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል በማቅለም (ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ) ነው። የማህፀን በር ካንሰሩ ከኤችፒቪ (ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ) የመጣ ነው ወይ? የኦቫሪውና የኢንዶሜትሪየሙ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን) ካንሰር ፒ53 የተባለው ካንሰርን የሚገታ ጂን የተበላሸበት ነው ወይ? የፕሮስቴቱስ እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው የቲኤምፒአርኤስኤስ2 እና የኢአርጂ ጂኖች መጣመር አለበት ወይ? ይህ መጣመር ዝርያቸው ከአውሮፓ በሆኑ ሕመምተኞች ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ ሲታይ፣ በአፍሪካውያንና በእስያውያን ላይ ግን ዝቅ ይላል። ዝቅ ማለቱን ለማሳየት በብዙ ስላይድ ላይ “የለም” ብሎ መፈረም ግድ ነው። አልቀለመም ማለትና የለም ማለት ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የወሰንኩት፣ የትኛው ህዋስ ምስክር እንደሚሆን ነው፤ ኢንተርናል ኮንትሮል የምንለውን ማለቴ ነው። ለኢአርጂ (የመጣመሩ ምልክት ለሆነው ፕሮቲን) ምስክሩ የደም ሥር ግድግዳ ህዋስ ነው፤ ኒውክሊየሱ ሁልጊዜ መቅለም አለበት። ለፒ53 በዕጢው (በካንሰሩ) ዙሪያ ያለው ደጋፊ ህብረሕዋስና ሊምፎሳይት ሳሳ ብሎና ተበታትኖ ይቀልማል። ለፒ63 (የቤዛል ህዋስ፣ ማለትም የጤነኛ እጢ የውጭ ረድፍ ህዋስ መለያ) አጠገቡ ያለው ጤነኛ የፕሮስቴት እጢ የቤዛል ህዋሱን ያሳያል። ፒ63ን በተለይ መፍራት ይገባል፤ የቤዛል ህዋስ መጥፋት የካንሰር ማስረጃ ስለሆነ፣ ያልሠራ ቀለም ካንሰር የሌለበትን ሰው ካንሰር አለበት ያሰኛል። ፒ16 (በኤችፒቪ ምክንያት የሚበዛ ፕሮቲን) ግን እንዲህ ያለ የታመነ ምስክር ከጎኑ ስለሌለው በእያንዳንዱ ስላይድ ጫፍ ላይ ፖዚቲቭነቱ የታወቀ የማህፀን በር ቁራጭ አብሬ አስቀመጥኩ። ኮንትሮሉን ለብቻው በሌላ ስላይድ ማቅለም በቂ አይደለም፤ የፀረ እንግዳ አካሉ ጠብታ ያልደረሰው ስላይድ የትኛው እንደሆነ አይነግርም።

ብሎክ ስመርጥ በመዝገብ ላይ በተጻፈው ምርመራ ብቻ አልተመራሁም። ከእያንዳንዱ ብሎክ አዲስ የኤች ኤንድ ኢ (በተለመደው የሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ቀለም የሚቀለም) ስላይድ አስቆርጬ፣ ዕጢውን በቋሚ ብዕር ከብቤ፣ ሦስት ነገር ጻፍኩ፦ የዕጢው ስፋት፣ የሞተው ክፍል መጠን፣ የፎርማሊን (ህብረሕዋስን ከመበስበስ የሚጠብቀው ፈሳሽ) ሁኔታ። ሦስተኛው ነው ብዙውን የሚጥለው።

ፎርማሊን ወደ ህብረሕዋስ የሚገባው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ እሱም ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየዘገየ። ሳይከፈት ባልዲ ውስጥ የተነከረ ማህፀን ላዩ ሲጠበስ ውስጡ ይበሰብሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ማህፀኑን በሁለቱ ጎኖቹ መክፈት፣ ፕሮስቴቱን እንደ ዳቦ መቆራረጥ፣ የህብረሕዋሱን 10 እጥፍ ፎርማሊን መጨመር፣ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ማቆየት። ፎርማሊኑም ባፈር (አሲድ እንዳይሆን የሚጠብቅ ጨው) ያለው ይሁን። 1 ሊትር ለማዘጋጀት 100 ሚሊ ሊትር ከጠንካራው ፎርማልዴሃይድ፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖቤዚክ እና 6.5 ግራም ዳይቤዚክ ሶዲየም ፎስፌት ይበቃል። ባፈር የሌለው ውሎ ሲያድር አሲድ ይሆናል። ያኔ ዲኤንኤው ይቆራረጣል፤ ደም በበዛበት ቦታም ጥቁር ቡናማ ብናኝ ይቀመጣል። ይህ ብናኝ የኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪን ቡናማ ቀለም ስለሚመስል፣ ፀረ እንግዳ አካል ያልተጨመረበት ስላይድ አጠገቡ ከሌለ ያሳስታል። በአልኮል በተዘጋጀ ፒክሪክ አሲድ ይታጠባል፤ ፒክሪክ አሲድ ሲደርቅ ሊፈነዳ እንደሚችል ግን ጠርሙሱን የሚከፍት ሁሉ ይወቅ።

በሽንት ቱቦ በኩል ተፍቆ የወጣ የፕሮስቴት ቁራጭ ሌላ ጣጣ አለው። ጠርዙ በኤሌክትሪክ ይቃጠላል፤ የተቃጠለ ኒውክሊየስ ፀረ እንግዳ አካሉን እንዲያው ይይዛል ወይም ጨርሶ እምቢ ይላል። ከጠርዝ የራቀውን ብቻ አነበብኩ። እንዲህ ያለው ናሙና በብዛት የሚመጣው ከመሽኛው ዙሪያ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም፤ ከመርፌ ባዮፕሲ ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ከተደባለቀ የተለያየ ዞን ካንሰር እየተወዳደረ ነው ማለት ነው።

ትልልቆቹን ናሙናዎች በቲሹ ማይክሮአሬይ (ከብዙ ብሎክ የወጡ ትንንሽ ቁራጮች በአንድ ብሎክ የሚደረደሩበት ዘዴ) ሠራሁ፦ ከእያንዳንዱ ዕጢ 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 3 ኮሮች (ተወግተው የሚወጡ ክብ ቁራጮች)፣ ከጤነኛው ክፍል ደግሞ 1። ሦስት ያደረግኩት አንዱ ሲቆረጥ፣ ሌላው ሲታጠብ ስለሚጠፋ ነው። በአንደኛው ጥግ ብቻ የጉበት ኮር ጨመርኩ፤ ስላይዱ ሲገለበጥ አቅጣጫው የሚታወቀው በእሷ ነው። ኮሮቹ ከገቡ በኋላ ብሎኩን በ37 ዲግሪ አሙቄ በንጹሕ ስላይድ ጫን አድርጌ አስተካከልኳቸው፤ ይህ ሲዘለል ማይክሮቶሙ (መቁረጫ መሣሪያው) ላይ እንደ ቡሽ ይዘላሉ። ትንሽ የማህፀን በር ባዮፕሲንና የፕሮስቴት መርፌ ባዮፕሲን ግን ኮር ማውጣት ጥፋት ነው፤ ሙሉ ቁራጭ ይቆረጥላቸው። ፕሮስቴት ውስጥ ሁለት የተለያዩ የካንሰር ቦታዎች ካሉ አንዱ ኢአርጂ ፖዚቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሊሆን ስለሚችል ለየራሳቸው ቁጥር ሰጠኋቸው።

አሁን ወደ ድስቱ፤ ፎርማሊን የሸፈነውን አንቲጅን (ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘውን ዒላማ) በሙቀት ወደምንገልጥበት። በባህር ጠለል ከፍታ የተጻፈ ፕሮቶኮል አንቲጅኑን ለመግለጥ “ከ95 እስከ 98 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ” ይላል። አዲስ አበባ ግን ከባህር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ባልታሰረ ማሞቂያ የቱንም ያህል ቢያፈሉት 95 አይደርስም፤ ባፈሩ እየተነነ ያልቃል እንጂ። ኢአርጂና ፒ63 ደብዝዘው ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፀረ እንግዳ አካሉ ነው፤ ሲመረመር ግን ጥፋቱ የሙቀቱ ሆኖ ይገኛል። ወደ ፕሬዠር ኩከር ዞርኩ። እሱም ቢሆን በባህር ጠለል 121 ዲግሪ የሚደርሰው እዚህ በ117 ገደማ ይቆማል፤ ስለዚህ የተለመደውን 3 ደቂቃ ወደ 5 ከፍ አድርጌ፣ በቶንሲል ቁራጭ 3፣ 5 እና 8 ደቂቃን ካወዳደርኩ በኋላ አጸደቅኩት። 8 ደቂቃ ላይ ቁራጩ መላጥ ይጀምራል። ባፈሩ ፒኤች 9 ትሪስ ኢዲቲኤ ነው፦ በ1 ሊትር 1.21 ግራም ትሪስ፣ 0.37 ግራም ኢዲቲኤ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር ትዊን 20። ድስቱ ከወረደ በኋላ ስላይዶቹ እዚያው ባፈር ውስጥ 20 ደቂቃ ይብረዱ፤ ትኩሱን ማውጣት ቁራጩን ያስነሳዋል።

የቀረው በአጭሩ ይህን ይመስላል፦ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ማይክሮን የሆነ ቁራጭ ቻርጅ ባለው ስላይድ ላይ፣ በ60 ዲግሪ 1 ሰዓት ማድረቅ፣ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 10 ደቂቃ፣ ፀረ እንግዳ አካል 60 ደቂቃ በእርጥብ ሳጥን ውስጥ፣ ፖሊመር (ፐርኦክሲዴዝ ኢንዛይምን የተሸከመው) 30 ደቂቃ፣ ዲኤቢ (ቡናማውን ቀለም የሚሰጠው) 5 ደቂቃ። ሄማቶክሲሊኑ (ኒውክሊየስን ሰማያዊ የሚያደርገው የጀርባ ቀለም) ግን ከ1 ደቂቃ አይለፍ፤ ሲወፍር የፒ53ን ስስ ቀለም ሸፍኖ ምስክሩን ያጠፋል። በማጠቢያው ባፈር ውስጥ ሶዲየም አዛይድ አይኑር፤ ፐርኦክሲዴዙን ይገድለዋል። ቀድሞ የተቆረጠ ስላይድ ወራት ከቆየ አንቲጅኑ ስለሚዳከም፣ በሚቀለምበት ሳምንት ማስቆረጡ ይሻላል።

ለኤችፒቪ ፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚፈልግ ምርመራ) ከአንድ ብሎክ በተከታታይ ሲቆረጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁራጭ ኤች ኤንድ ኢ ይሆናል፤ መካከለኞቹ ወደ ቱቦ ይገባሉ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ዕጢ ካልታየ የመካከሉ ውጤት አይታመንም። በየብሎኩ ምላጭ ይቀየራል፤ በየአሥሩ አንድ ባዶ የፓራፊን ብሎክ ይቆረጣል። ባዶው ፖዚቲቭ ከወጣ ዘጠኙም ይደገማሉ። የፕራይመር (የሚባዛውን ክፍል የሚወስን አጭር ዲኤንኤ) ምርጫም ወሳኝ ነው፦ ኤምዋይ09/11 450 ቤዝ ያህል ርዝመት ስለሚፈልግ በፎርማሊን በተቆራረጠ ዲኤንኤ ላይ ይሰንፋል፤ ኤስፒኤፍ10 65 ቤዝ ብቻ ይበቃዋል። እዚህ ምስክሩ የሕመምተኛዋ የራሷ ቤታ ግሎቢን ጂን ነው። እሱ ካልተባዛ “ቫይረስ የለም” አይባልም።

ፒ16 ቫይረሱን ሳይሆን ቫይረሱ ያመጣውን ለውጥ ነው የሚያሳየው። ሴረስ የተባለው የኢንዶሜትሪየም ካንሰር ያለ ምንም ኤችፒቪ ፒ16ን አጥለቅልቆ ይቀልማል፤ ወደ ማህፀን በር ወርዶ በትንሽ ባዮፕሲ ከተወሰደ የማህፀን በር አዴኖካርሲኖማ (ከእጢ ህዋስ የሚነሳ ካንሰር) ይመስላል። እንዲህ ባለው ላይ ፒ53 ጨምሬ ነው የፈረድኩት።

ፒ53ን በመቶኛ መመዝገብ የተሳሳትኩበት ነው፤ ሁሉንም እንደገና ማንበብ አስፈልጎኛል። ትክክለኛው ንባብ በመልክ ነው፦ ጤነኛ፣ ከልክ በላይ፣ ፈጽሞ የጠፋ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ የተገኘ። “5 በመቶ” ተብሎ የተጻፈ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ “0” የተባለው ደግሞ ምስክሩ እስከቀለመ ድረስ የተበላሸ ነው።

የግሊሰን ውጤትን (የፕሮስቴት ካንሰር ክፋት በእጢው መልክ የሚለካበትን) ከድሮ ሪፖርት መገልበጥም አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2014 ትርጉሙ ተቀይሯል፤ ዛሬ ክሪብሪፎርም (እንደ ወንፊት የተበሳሳ) እጢ ሁሉ 4 ነው። ሁለት አንባቢ የሕመምተኛውን ታሪክ ሳያይ ለየብቻ አነበበ፤ ስምምነታቸው ካፓ በተባለው ስታቲስቲካዊ መለኪያ ተለካ። ጠቡ ሁልጊዜ 3+4 ነው ወይስ 4+3 የሚለው ላይ ነው፤ ይህም የግሬድ ግሩፕ 2 እና 3 ልዩነት ስለሆነ ተራ ጠብ አይደለም።

ሠንጠረዡ ላይ 1 ፖዚቲቭ፣ 0 ምስክሩ ቀልሞ ዕጢው ያልቀለመ፣ 9 ምስክሩ ያልቀለመ ወይም ኮሩ የጠፋ ነው። 9ኙ ከመቶኛው ስሌት ይወጣል፤ ብዛቱ ግን በውጤቱ ክፍል ይጻፋል። የሚቆጠረውም ሕመምተኛው እንጂ ኮሩ አይደለም። ብሎኩ ውስጥ የቀረው ዕጢ ጥቂት ከሆነ ደግሞ ለጥናት አይቆረጥም፤ ነገ ባለቤቱ ለሕክምናው ሌላ ምርመራ ሊፈልግበት ስለሚችል ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።