የወንድሜ ክኒን

ታላቅ ወንድሜ የጅማ–አጋሮ መስመር ሹፌር ነው። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር አለበት። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ፊቱ ይለዋወጥና "አይዞሽ" ይለኛል። እሱ ግን በዚያች ሰዓት መናኸሪያ ቆሞ ከረዳቱ ጋር ስለ ትርፍ ሰው እየተጨቃጨቀ ነው።

በሽታውን ያሳበቀው ጣፊያው ነው። ግራ ጎኑ አብጦ ቀበቶው አልዘጋ አለው። ቤተሰቡ "ወባ ነው" አለ። ጅማ ላይ ሰው ከታመመ መጀመሪያ ወባ ነው፤ ሌላው የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ደሙ ሲታይ ግን ነጭ የደም ሴሉ ከልክ በላይ በዝቶ ተገኘ። አሁን በየቀኑ ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን ይወስዳል፤ ከምግብ ጋር፣ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ። በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ነው። አንዳንድ ቀን ዓይኑ ያባብጣል፣ ሌሊት ባቱን ይጨመድደዋል። ይሠራል፣ ይበላል፣ ይቆጣል።

በፌስቡክ "የካንሰር መድኃኒት ተገኘ" የሚል ሲላክልኝ አልከፍተውም። እኔ ተስፋ የማደርገው በዚህ ክኒን ታሪክ ነው። ባዮሎጂ ስለማስተምር ለተማሪዎቼም እነግራቸዋለሁ። በ1960 በፈረንጆች ኖዌል እና ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በዚህ በሽታ ታማሚዎች ደም ውስጥ ያለወትሮዋ ያጠረች ክሮሞዞም፣ ማለትም በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የምትሸከም ክር፣ አዩ። ምን እንደሆነች ለ13 ዓመት የገለጸ አልነበረም። ከዚያ ጃኔት ራውሊ የምትባል ሐኪም የክሮሞዞም ፎቶዎችን ቤቷ፣ ምግብ ጠረጴዛዋ ላይ በመቀስ እየቆረጠች ስትደረድር ልጆቿ "እማዬ በወረቀት አሻንጉሊት ትጫወታለች" እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ በ1973 ዘጠነኛውና ሃያ ሁለተኛው ክሮሞዞም ቁራጭ እንደተለዋወጡ አሳየች። ልውውጡ ነጭ የደም ሴሎችን ያለማቋረጥ የሚያባዛ አንድ የተበላሸ ኢንዛይም ይፈጥራል። ለወንድሜ ያስረዳሁት ነዳጅ መስጫው ተጣብቆ እንደቀረ መኪና አድርጌ ነው፤ ወዲያው ገባው። ክኒኑ ያንን ኢንዛይም እንዳይሠራ ያግደዋል። መጀመሪያ ሲሞከር፣ በቂ መጠን ከወሰዱት 54 ታማሚዎች የ53ቱ የደም ቆጠራ ተስተካከለ። በ2001 አሜሪካ ፈቀደችው። ያቺ ክሮሞዞም ከታየች አርባ አንድ ዓመት መሆኑ ነው።

ሁሉም ካንሰር እንዲህ አይደለም፣ አውቃለሁ። የአንድ ባልደረባዬ እናት የማህፀን በር ካንሰር ሲታወቅባቸው በጣም ዘግይቶ ነበር። ያንን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት እኛ አገር ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው በ2018 በፈረንጆች ነው። እኔም ትምህርት ቤት ውስጥ ሴቶቹን አሰልፌ አስከትቤያለሁ። መርፌ ፈርታ ሽንት ቤት የተደበቀችም ነበረች፤ አስወጥቻታለሁ።

ሰሞኑን ያነበብኩትን ለወንድሜ ነገርኩት። በሽታቸው ለዓመታት በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከጠፋላቸው መካከል ግማሽ ያህሉ፣ በሐኪም ክትትል ክኒኑን አቁመው ሳይመለስባቸው ቆይተዋል።

"ግማሾቹስ?" አለኝ።

"ተመለሰባቸው። ግን ክኒኑን እንደገና ሲጀምሩ አብዛኞቹ ላይ ተመልሶ ጠፋ።"

ትንሽ አሰበ። "ክትትሉ እንዴት ነው?"

"መጀመሪያ ላይ በየወሩ የደም ምርመራ።"

"የት? አዲስ አበባ?"

"ለጊዜው አዎ።"

"ተይው በቃ፣ እኔ ክኒኔን እውጣለሁ። ምርመራው ጅማ ሲመጣ ንገሪኝ፣ ያኔ መጀመሪያ የምሰለፈው እኔ ነኝ።"