እንጦጦ ላይ ያመሸንበት ቀን

እንግዶቻችን ትናንት ማታ ሄዱ። ይህን የምጽፈው ሱሉልታ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጀርባ ባለችው የልጆች ክፍል ቁጭ ብዬ ነው። ኖራው ገና ይሸታል። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ግቢው ጭር ብሎብኛል።

ሳልረሳው ልጻፈው።

ለ10 ቀን አገልግሎት ከአሜሪካ ነው የመጡት። ስምንት ናቸው። ትልቁ የ66 ዓመት ጡረተኛ መምህር፣ ትንሿ የ19 ዓመት ተማሪ። እኔ አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። አስተናጋጅ ኮሚቴያችን ሦስት ወር ሙሉ ሲዘጋጅ ከርሟል። የልጆች ፕሮግራም አለ፣ ክፍሎቹን ቀለም መቀባት አለ፣ ነርሷ ለእናቶች የምትሰጠው ትምህርት አለ። ለመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ "መተዋወቂያ" የሚል ፕሮግራም ይዘን ነበር። ስም የሚጻፍበት ካርድ ሁሉ ቆርጠናል። ካርዶቹ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ናቸው። አንዱም አልተጻፈበትም።

መጀመሪያ የተበላሸው በረራው ነው። አንደኛው አውሮፕላን ዘገየ፤ በዚያ ምክንያት ሁለተኛው አመለጣቸው። መሸጋገሪያው ላይ ወለል ላይ ተኝተው አደሩ። የቡድኑ መሪና ጡረተኛው መምህር የተጣሉትም እዚያ ነው፤ እኔ በኋላ ነው የሰማሁት። መምህሩ "ቀደም ያለውን በረራ እንያዝ ብዬ ለምኜህ ነበር" አሉ። መሪው "የዋጋውን ልዩነት ማን ሊከፍል?" አለ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተለዋወጡም። 20 ዓመት አንድ ቤተ ክርስቲያን ያገለገሉ ሰዎች ናቸው።

ሁለተኛው ጥፋት የእኔ ነው።

ሌሊት መልእክት ገባልኝ። "ነገ 7፡40 ቦሌ እንደርሳለን" ይላል። ከእንቅልፌ ባንኜ፣ እንዳለ ለሹፌራችን ላክሁለትና ተመልሼ ተኛሁ። የእነሱ 7፡40 የእኛ ጠዋት 1፡40 ነው። ሹፌራችን ግን ማናችንም እንደምናነበው አነበበው፤ ሰባት ሰዓት ከአርባ፣ ከምሳ በኋላ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስላደረ የእኔ ስልክ ጠዋት ሞቷል። እኔ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየደረደርኩ "አሁን መንገድ ላይ ናቸው" እላለሁ። ሹፌራችን ደጁ ላይ ተረጋግቶ ሚኒባሱን ያጥባል። እነሱ ቦሌ በር ላይ ቆመዋል። ስድስት ሰዓት ሙሉ።

የአሥር ቀን ስብከትና ዝማሬ ልተረጉም ተዘጋጅቼ፣ አንዲት ቁጥር ሳልተረጉም ቀረሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይሞቃል።

መብራት ሲመጣ ስልኬን ከፈትኩ። ከማላውቀው ቁጥር ሦስት መልእክት አለ። አንድ የአየር ማረፊያ ሠራተኛ አዝኖላቸው ስልኩን አውሷቸው ኖሯል። ያን ጊዜ ሹፌራችንም ቦሌ ደርሷል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ "አንቺን አምነን!" አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እውነታቸውን ነበር። ምንም አልመለስኩም። ሁለታችንም እንግዶቹን መንገድ ላይ ለመቀበል ታክሲ ይዘን ወደ አዲሱ ገበያ ወረድን። ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል ሳንነጋገር።

ሚኒባሱ ውስጥ ስገባ በመጀመሪያ ያልኩት "ይቅርታ" ነው። "ምንም አይደል" አሉኝ። ግን ድምፃቸው ውስጥ ምንም አልነበረም። በዚያ ላይ ከ16 ሻንጣ የደረሰው አምስት ብቻ ነው። የልጆቹ መጫወቻ የለም። ብሩሹ የለም። የነርሷ መድኃኒት የለም። የአምስት ሰው ልብስ የለም።

የጎጃም መንገድ ከአዲሱ ገበያ ወዲያ ሽቅብ ብቻ ነው። ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦታል። ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ከጉሙ ብቅ ይሉና መልሰው ይጠፋሉ። መኪናው ማቃሰት ጀመረ። ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሹፌራችን ዳር ይዞ አቆመና የመኪናውን መሪ ሁለት ጊዜ በእጁ መታ። "ፍሪሲዮኑ አለቀ" አለ። ዝናቡ ወደ በረዶ ተቀየረ። አሥር ሰዓት ሆኗል።

ከመንገዱ ማዶ ሸራ የተወጠረባት አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ባለቤቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩናል። "ኧረ ግቡ! በረዶው እስኪጨርሳችሁ ነው የምትጠብቁት?" አሉ። አሥራ አንድ ሰው ገባን። ለስድስት ሰው የምትጠብ ቤት ናት።

እማማ ነው የምላቸው፤ ስማቸውን መጻፍ አልፈልግም። ግድግዳቸው ላይ የማርያም ሥዕል አለ። አንገታቸው ላይ ክር አስረዋል። ሽማግሌያችን ትንሽ ፈራ ተባ ብለው "እኛ የወንጌል አማኞች ነን፤ እነዚህም ለአገልግሎት ከውጭ የመጡ ናቸው" አሏቸው። እማማ ከሰሉን እያራገቡ "እኔ የማየው የራበው እንግዳ ነው" አሉ። ረቡዕ ስለነበር ወተት አልነበረም። ድንች ቀቀሉልን፣ ሚጥሚጣ ጨመሩበት። ሻዩን በዝንጅብል አፈሉት።

ትንሿ ልጅ ራሷን ይዛ አቀረቀረች። ያቅለሸልሻታል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እነሱ የመጡት ከባሕር ጠረፍ ከተማ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ነርሷ ባዶ እጇን ታያለች። መድኃኒቱ ያለው በጠፋው ሻንጣ ነው። "ውኃ ትጠጣ፣ ትረፍ፣ ትሙቅ" አለችኝ፣ ለእማማ እንድነግራቸው። አፌን ሳልከፍት እማማ "የኔ ልጅ፣ ንገሪያት፤ ውኃ ትጠጣ፣ እዚህ እሳቱ አጠገብ ትረፍ" አሉኝ። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ተረጎምኩላቸው። ተያዩና ነርሷ እጃቸውን ያዘች። ሁለቱ ሴቶች ልጅቷን መሀል አድርገው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ እኔን አልፈለጉኝም።

ቤት ውስጥ ሁለት ጋቢ አለ። አንዱ ለልጅቷ ሆነ። ሁለተኛውን እማማ በሩ አጠገብ በርዷቸው ለተቀመጡት ሰጡ። እዚያ የተቀመጡት መሪውና መምህሩ ናቸው። እንዲያ የሆነው ሌላ ቦታ ስላልነበረ ነው። አንዱን ጋቢ ለሁለት ደረቡት። ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ነፋሱ ሸራውን ሲገልበው መምህሩ "ተጠጋ እንጂ፣ ጀርባህ ውጭ ቀረ" አሉት። መሪው ተጠጋ። ሹፌራችን "ምን አሉት?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ለመተርጎም ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።

ትንሽ ቆይቶ መሪው "ደጁ ላይ ደርሰን የምንመለስ መሰለኝ" አለ። ያን ጊዜ ነው የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ ትዝ ያለኝ። እዚሁ ተራራ ላይ ተቀምጠን እንዴት አይታወሰኝ?

ነገርኳቸው። ኢሉባቦር የተወለደ የኦሮሞ ልጅ ነው። በልጅነቱ ተሰርቆ ለባርነት ተሸጠ። ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፤ የስዊድን ሚሲዮናውያን አስተማሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1872 ተጠመቀ። ስዊድን ሄዶ ተምሮ ተመለሰ። ልቡ ግን አገሩ ገብቶ ለወገኖቹ ወንጌል መንገር ነበር። በ1881 በሱዳን በኩል ሞከረ። አልሆነም፤ ታሞ ተመለሰ። በ1886 እንደገና ሞከረ፤ እዚህ፣ እንጦጦ ደረሰ። አፄ ዮሐንስ የውጭ ሚሲዮናውያን ከአገር ይውጡ ብለው ስለነበር ንጉሥ ምኒልክ ቡድኑን ወደ ባሕሩ መለሱት።

"ከዚያስ?" አሉ መምህሩ።

ከዚያማ ምጽዋ አጠገብ ተቀምጦ ተረጎመ። አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እንደ እሱ ከባርነት የወጣች ሴት አብራው ሠራች፤ የቋንቋው ጥልቀት የእሷ ነው ይባላል። አዲስ ኪዳን በአፋን ኦሮሞ በ1893 ወጣ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899። እሱ ራሱ ወለጋ የገባው በ1904 ነው። ከመጀመሪያው ሙከራ 23 ዓመት በኋላ፣ መጽሐፉን ይዞ።

ሌላም ነገር ነገርኳቸው፤ እኔን ሁሌም የሚነካኝ ነው። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው ይባላል። ትርጉሙ "ተርጓሚ" ማለት ነው።

ለሹፌራችንና ለእማማ በአማርኛ ደገምኩት። እማማ በአፋን ኦሮሞ አንድ ነገር አሉ። "እናቱን አስቡት" ማለታቸው ነው። ማናችንም እናቱን አስበን አናውቅም ነበር። ሻይ ቤቱ ዝም አለ። መምህሩ ለመጸለይ ጠየቁ። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። እሳቸውም በራሳቸው መንገድ አማተቡ።

አንድ ሰዓት ላይ ባዶውን ወደ ጫንጮ የሚመለስ አይሱዙ አግኝተን ሚኒባሱን በገመድ ጎተተልን። ለመሳፈር ስንነሳ ሽማግሌያችን ክንዴን ያዙኝ። "ቅድም የተናገርኩሽ ከልቤ አልነበረም፤ ደንግጬ ነው" አሉኝ። "ጋሼ፣ እውነትዎን ነው" አልኳቸው። "እውነትም ቢሆን እንደዚያ አይባልም" አሉ። እኚህን ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ይቅርታ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሱሉልታ ስንደርስ መብራት የለም። እናቶቻችን ግን ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ናቸው። ሻማ አብርተው፣ ሽሮውን ሦስተኛ ጊዜ አሙቀው ይጠብቁናል። ልብስ ለሌላቸው በየቤቱ ተሮጠ። ጋቢ መጣ፣ ቀሚስ መጣ፣ የፓስተራችን ሹራብ መጣ። ያን ሌሊት ማን እንግዳ ማን ባለቤት እንደሆነ በጨለማ አይለይም ነበር።

የቀረውን ሳምንት ባጭሩ ልለፈው። በብሩሹ ፈንታ ከገበያ ኖራና የኖራ መቀቢያ ገዛን። ክፍሎቹን የቀባነው አብረን ነው፤ እንግዶቹ ብቻ እንዲቀቡ የተጻፈውን ዕቅድ ማንም አላነሳውም። ነርሷ መድኃኒት ስላልነበራት ከእናቶቹ ጋር ተቀምጣ አወራች። ልጅ ሲያስቀምጠው ምን ያህል ጨውና ስኳር በስንት ውኃ እንደሚበጠበጥ እያሳየች፣ እነሱም የሚያውቁትን እየነገሯት። ጠዋት ጠዋት ሯጮቹ በመንገዱ ሲያልፉ ትንሿ ልጅ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። በአራተኛው ቀን እሷም ትንሽ ሮጠች።

ልጆቹ ግን! መጫወቻው ስላልመጣ መጀመሪያ ግራ ገብቶን ነበር። ከዚያ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አምስት ጠጠር ለቅማ መምህሩ ፊት ተቀመጠች። ቅልሞሽ ልታስተምራቸው። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቢሆንም መሬት ተቀመጡ። ጠጠሯን ወደ ላይ ወርውረው ሳይቀልቧት ሲቀሩ ልጆቹ ሁሉ "እንደገና!" ይላሉ። በሁለተኛው ቀን "እንደገና" የሚለውን ቃል ራሳቸው ይሉት ጀመር። መሪው ደግሞ ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ እየዘለለ ነው። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ከሕፃን ሲማሩ ማየት ደስ ይላል። ልጅቷም በዚያ ሳምንት ቁመት የጨመረች መሰለችኝ።

ሻንጣዎቹ በሰባተኛው ቀን መጡ። ኳሱ፣ ቀለሙ፣ ተለጣፊው ሁሉ ቆንጆ ነበር፤ ልጆቹም ተደስተዋል። ግን "ምን እናምጣ?" ብለው ሲጽፉልኝ ያን ረጅም ዝርዝር የላክሁላቸው እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ከመጻፌ በፊት ያችን ልጅ እጠይቃታለሁ።

ትናንት ስንወርድ እማማ ቤት ቆምን። ጋቢዎቹን ታጥበው ይዘንላቸው ነበር። እማማ የልጅቷን ግንባር ዳሰሱ፣ "አሁን ደህና ነሽ" አሉ። አንደኛውን ጋቢ ተቀበሉ። ሁለተኛውን መልሰው መሪውና መምህሩ ጭን ላይ አኖሩት። "ሁለት ናቸው፣ ጋቢው ግን አንድ ነው እማማ" አልኳቸው። "እኔ ስሰጣቸውም እንደዚያው ነበር" አሉ።

ከዚያ ሹፌራችን ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ በረራው ማታ አራት ሰዓት ተኩል ነው ያልሽኝ። በማን ሰዓት?"

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ከኋላ ስምንቱም በአንድ ድምፅ በአማርኛ መለሱለት።

"በእኛ!"