ከራስ አገዝ ቡድን ስብሰባ መልስ

ዛሬ በሴቶቹ ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ግማሹ ሰዓት ያለቀው የቡድኑን መዝገብ ከአባላቱ የቁጠባ ደብተር ጋር በማስታረቅ ነው። አይገርምም። ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ጋ ነው።

የራስ አገዝ ቡድን አሠራር ከሕንድ የመጣ ነው፤ እኛ አገር በ2002 እ.ኤ.አ. ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ቲርፈንድ ከተባለው የእንግሊዝ ክርስቲያናዊ የእርዳታ ድርጅት ጋር አዳማ ላይ ጀመረው። አቅማቸው የሚቀራረብ ከ15 እስከ 20 የአንድ ሰፈር ሰዎች በየሳምንቱ ይቆጥባሉ። መዋጮው የሚቆረጠው ከሁሉም የቸገራት በምትችለው ልክ ነው። 20 ሴቶች 10 ብር ቢያዋጡ በ16 ሳምንት 3,200 ብር ይሆናል። እቁብ እንዳይመስላችሁ፣ ዕጣ የለውም፤ ብሩ እዚያው በብድር ይዞራል፤ ለሽንኩርት ችርቻሮ፣ ለበርበሬ፣ ለልጅ ደብተር። ሰብሳቢነቱም ተራ አለው፤ ዝምተኛዋም ተራዋ ሲደርስ ትመራለች።

አጋር ድርጅት ቸኩሎ ገንዘብ ሲያስገባ ነገሩ ይበላሻል። «የእርዳታ ብር ነው» ይባላል፣ ብድር አይመለስም። ድርጅቱ አሠልጣኝና አመቻች ቢመድብ ይበቃል፤ ወረዳው ደግሞ የመሸጫ ቦታ ይስጥ። ሌላው ችግር ሁሉም ለአንድ ዓይነት ሥራ መበደራቸው ነው፦ በአንድ መንደር አምስት እንጀራ ሻጭ!

ከ8 እስከ 10 ቡድን ሲሞላ ሁለት ሁለት ወኪል ልከው የጋራ ማኅበር ያቋቁማሉ። ከቀበሌ ጋር መነጋገር ያኔ ይቀላል።

ለመዝገቡ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከመበተን በፊት የእያንዳንዷ ቁጠባና ዕዳ ጮክ ተብሎ ይነበብ።