የቮልስን ሽቦ ስቀይርና ባትሪውን ከወንበር ሥር ሳወጣ

የ1970 ሞዴል ቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የሚንጠባጠበው አሲድ ከጊዜ በኋላ ወለሉን ይበላዋል፤ የእኔም ላሜራ በጠመንጃ መፍቻ ሲነካ ይበሳ ነበር። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ክዳኑ ጠፍቶ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት ነው። የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ያገናኛል፤ ሙሌቱ የኮኮናት ጭረት ስለሆነ ለመያያዝ ጊዜ አይፈጅበትም።

ወደ ፊት ኮፋኖ መውሰዱን ተውኩት። የቤንዚን ታንኩ እዚያ ነው። ደግሞም እስከ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) 3.5 ሜትር ያህል ኬብል ይጠይቃል፤ በባለ 25 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) መዳብ 200 አምፔር ሲሳብ ግማሽ ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከወንበሩ ጀርባ ባለው የዕቃ ቦታ አስቀመጥኩት፤ ባለ 35 ካሬ፣ 1.6 ሜትር ኬብል በቃኝ። ላሜራው ስስ ስለሆነ መቀመጫውን ከ3 ሚሊ ሜትር ማዕዘን ብረት ሠርቼ በቡሎን አሰርኩት። ባትሪው ድፍን ነው። ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ግን ዝግ ሣጥንና ጋዙን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቱቦ የግድ ነው።

የተሳሳትኩት ማሳው (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት መስመር) ላይ ነው። ኔጋቲቩን እዚያው ቅርብ ካለው ላሜራ ጋር አሰርኩት፤ ሞተሪኖው አቅም አጥቶ ያቃስት ጀመር። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የሚገናኘው በመካከላቸው ጎማ ተነጥፎ በቡሎኖች ብቻ ነው፤ ካምቢዮውም የተቀመጠው በጎማ ላይ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ኔጋቲቭና በካምቢዮው ቆዳ መካከል በቴስተር 0.9 ቮልት ለካሁ። የካምቢዮው የተጎነጎነ ማሳ ከተበጠሰ ደግሞ ኤሌክትሪኩ በቤንዚን መስጫው ገመድ በኩል ይመለሳል፤ ገመዱ ግሎ ይነክሳል። አሁን አንድ ባለ 35 ኬብል በቀጥታ ካምቢዮው ቡሎን ላይ፣ አንድ ባለ 10 ደግሞ ቀለሙ በተፋቀ ቦዲ ላይ አለኝ። ንባቡ ወደ 0.15 ወረደ።

ሽቦውን በአንድ ጊዜ አልነቀልኩም፤ አንዱን መስመር ጨርሼ ወደ ሌላው። ቀለሙንና የመስመሩን መለያ ቁጥር እንደ ፋብሪካው ጠበቅኩ፦ ቀይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት 30፣ ጥቁር በቁልፍ የሚመጣው 15፣ ቡኒ ማሳ። በአንድ ቀለም ሁሉን የሠራ ሰው ከዓመት በኋላ የራሱን ሥራ አያውቀውም። ካፖኮርዳዎቹን (የሽቦ ጫፍ ማያያዣዎቹን) በሊድ ብቻ የያዝኳቸው በንዝረት ሊዱ ካበቃበት ላይ ተሰበሩ፤ በትክክለኛው ፒንሳ የተጨመቁት አሉ።

ዋናውን የ40 አምፔር ፊውዝ ያስገባሁት ከሬጉሌተሩ (የዲናሞውን ቮልቴጅ ከሚቆጣጠረው) ወደ ፊት በሚሄደው ባለ 6 ሽቦ ላይ ነው። በዲናሞውና በባትሪው መካከል ቢሆን፣ በተቃጠለ ጊዜ ዲናሞው ያለ ባትሪ ይቀርና ቮልቴጁ ሽቅብ ይወጣል፤ አምፖል ይጨርሳል።

ሞተሩ ሲግል ቁልፉን ስታዞሩ «ጠቅ» ብሎ የሚቀር ቮልስ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሪኖው ጤነኛ ነው። ሞተሪኖውን የሚያዘው የ50 ሽቦ እስከ ቁልፉ ሄዶ ስለሚመለስ ይደክማል። ከኋላ ወንበር ሥር ባለ 40 አምፔር ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) ይግባ፤ ቁጥሮቹ የጫፎቹ መለያ ናቸው፦ 86 ከቁልፉ 50፣ 85 ማሳ፣ 30 ከባትሪው በፊውዝ፣ 87 ወደ ሞተሪኖው 50። ለትልቁ መብራትም ሁለት ሪሌ ጨመርኩ፤ አምፖሉ ላይ 10.6 የነበረው 12.1 ቮልት ሆነ።

ባትሪውን መጀመሪያ ስታገናኙ ኔጋቲቩን በባለ 21 ዋት አምፖል በኩል አሳልፉት። ሁሉ ጠፍቶ አምፖሉ ቦግ ካለ ሾርት አለ። የእኔ እንደ ፍም ቀላ፤ በሩ ተከፍቶ የውስጥ መብራቱ በርቶ ነበርና በሩን ስዘጋው ጠፋ።