ሺባማታ፣ የቶራ ሳን ሰፈር

ቶኪዮ ስትሄዱ ሰው ሁሉ ሺቡያንና ሺንጁኩን እዩ ይላችኋል። የእኔ ልብ ግን ያለው ሺባማታ ነበር። ከኡዌኖ በኬይሴይ ባቡር እስከ ታካሳጎ ሄድኩ። እዚያ ወርጄ አጭሯን የካናማቺ መስመር ያዝኩ። ቀጣዩ ፌርማታ ሺባማታ ነው።

ከጣቢያው እንደወጣሁ ባርኔጣ የደፋ፣ ሻንጣ የያዘ የነሐስ ሰው አገኘሁ፤ ቶራ ሳን ነው። ሊሄድ ተነስቶ ዞር ብሎ ወደ ኋላ ያያል። ራቅ ብላ ደግሞ እህቱ ሳኩራ ቆማ ትሸኘዋለች። የእሱ ሐውልት የቆመው በ1999 ነው፤ የእሷ በ2017 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የጫማው ጫፍ ከሌላው አካሉ ተለይቶ ያበራል። መጪው ሁሉ ዕድል ይሰጠኛል እያለ ስለሚዳስሰው ነው። እኔም ዳሰስኩት።

ቶራ ሳን በእውን የኖረ ሰው አይደለም። አገር ላገር እየዞረ የሚቸረችር የፊልም ገጸ ባሕርይ ነው። ቤቱ ሺባማታ፣ አጎቱና አክስቱ ዳንጎ የሚባል የሩዝ ዱቄት ድብልብል የሚሸጡበት ሱቅ ነው። ይመጣል፣ አንዷን ይወዳል፣ አይሆንለትም፣ ከቤተሰቡ ተጣልቶ ሻንጣውን አንስቶ ይወጣል። ከ1969 እስከ 1995 በ48 ፊልሞች ላይ ቶራ ሳንን ሆኖ የሠራው አንድ ሰው ነው፤ ኪዮሺ አትሱሚ።

አትሱሚ የተወለደው በ1928 እዚያው ባቡር በተሳፈርኩበት በኡዌኖ አካባቢ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሳኩሳ በሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ትናንሽ ቲያትር ቤቶች ሰው እያሳቀ እንጀራውን ይበላ ነበር። ገና ስሙ መነሳት ሲጀምር የሳንባ ነቀርሳ ያዘውና አንድ ሳንባው ወጣ። ረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኛ። ሲድን ቴሌቪዥን ገባና ታወቀ። በ1965 ምሥራቅ አፍሪካ ድረስ መጥቶ በአንድ ፊልም ላይ መሪ ተዋናይ ሆኗል። ይህን ሳውቅ ሰውየው ይበልጥ ቀረበኝ።

ቶራ ሳን የጀመረው በ1968 በፉጂ ቴሌቪዥን ነው። በመጨረሻው ክፍል ቶራ በደቡብ ደሴት እባብ ነድፎት ይሞታል። ተመልካቹ ተቆጣ። ምን ሲደረግ ይገደላል ብሎ ጣቢያውን አስጨነቀ። ዳይሬክተሩ ዮጂ ያማዳ በዓመቱ በሾቺኩ ኩባንያ ፊልም አድርጎ መለሰው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበጋና በአዲስ ዓመት፣ ጃፓናዊ ቤተሰቡን ይዞ ሲኒማ ቤት ይሰለፍ ነበር።

ወደ ታይሻኩተን ቤተ መቅደስ የምትወስደው መንገድ ጠባብ ናት። ግራና ቀኙ የሩዝ ብስኩት፣ የዓሣና የዳንጎ ሱቅ ነው። አንዱ ቤት ገብቼ አረንጓዴውን ዳንጎ አዘዝኩ። ከሩዝ ዱቄትና ዮሞጊ ከሚባል ቅጠል የሚድቦለቦል ነው። ቅጠሉ የእኛ አሪቲ ዘመድ ነው፤ አፌ ላይ ገና ሳደርገው ሽታው የበዓል ቀን ቄጤማ የተጎዘጎዘበት ቤት ወሰደኝ። ላዩ ላይ ጣፋጭ የቀይ ባቄላ ሊጥ አለው። የሱቁ ባለቤት የሆኑት እናት ስለ ቶራ ሳን የሚያወሩት ትናንት እንደወጣ የጎረቤት ልጅ ነው።

ወንዙ አጠገብ በ1997 የተከፈተ የቶራ ሳን ሙዚየም አለ። ረጅም ሰዓት የቆየሁት እዚያ ነው። ፊልሙ የተቀረጸበት የዳንጎ ሱቅ ከሾቺኩ ኦፉና ስቱዲዮ ተነስቶ እዚህ ተተክሏል። ከሱቁ ወለል ከፍ ብሎ ታታሚ የሚባለው የጃፓን ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል አለ። ቤተሰቡ እራት የሚበላባት ዝቅ ያለች ጠረጴዛም አለች። ስንት ጠብ፣ ስንት እርቅ የተደረገው በዚህች ጠረጴዛ ዙሪያ ነው! ክፍሉ በፊልሙ ከሚታየው ያነሰ መሰለኝ።

አትሱሚ ራሱ ግን ፍጹም ዝምተኛ ነበር ይባላል። ስንት ዓመት አብረውት የሠሩ ሰዎች ቤቱን አያውቁም። በአንድ ገጸ ባሕርይ ታስሮ ችሎታው ባከነ የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በ1977 መርማሪ ሆኖ የሠራበት ፊልም ሌላውንም መሥራት እንደሚችል ያሳያል። ሕዝቡ ግን ቶራን አጥብቆ ፈለገ፤ እሱም አልነፈገም። በመጨረሻዎቹ ፊልሞች ካንሰር ይዞት ነበር። ታሪኩ ወደ እህቱ ልጅ ወደ ሚትሱኦ ያደላል፣ ቶራም ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ነው የሚታየው። ይህን አውቆ ለሚያይ ሰው ፈገግታው ይከብዳል።

ኦገስት 4 ቀን 1996 በ68 ዓመቱ አረፈ። እንደ ፈቃዱ፣ ሞቱ የተነገረው አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ ነው። መንግሥትም የሕዝብ ክብር ሽልማትን ሰጠው።

ሺባማታ ለመሄድ ካሰባችሁ የ1969ኙን የመጀመሪያ ፊልም አይታችሁ ሂዱ። የቤተ መቅደሱ በር፣ ወንዙ፣ ዳንጎው ሁሉም እዚያው አሉ። ወንዙን በእጅ በሚቀዘፍ ጀልባ መሻገርም ይቻላል፤ እኔ በደረስኩበት ቀን ንፋስ ስለነበር ጀልባው አልሠራም።