ዘውድ ሲደፋ

ትናንት የታናሽ ወንድሜ ሥርዓተ ተክሊል ነበር። ካባ ለብሶ፣ አክሊል አድርጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የእህቴ ልጅ ቀሚሴን ጎተተችኝ። «አክስቴ፣ አጎቴ ንጉሥ ሆነ እንዴ?»

«ለዛሬ ብቻ» ብዬ አለፍኳት። ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ግን ጥያቄዋ ተመለሰብኝ።

ሰው ሲነግሥ «ዘውድ ጫነ» እንላለን። ይኼ ይገባኛል፤ ጭነት ነው፣ ይከብዳል። «ዘውድ ደፋ» የሚለው ነው ያስቸገረኝ። ውኃ ይደፋል፣ ቡና ይደፋል፣ ዘውድ እንዴት ይደፋል? ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝ። የታጠበውን ስኒ ረከቦቱ ላይ አፉን ወደ ታች ስታስቀምጥ «ደፋሁት» ነው የምትለው። ቆብም የሚደፋው እንደዚያው ነው። ለካ ዘውድም እንደ ስኒው ነው የሚታየን!

«አክሊል» ደግሞ ሌላ ነው። ሥሩ ግዕዙ «ከለለ» ነው፤ ከበበ፣ ጋረደ። ራስን ዙሪያውን የሚከብ ነገር። የወንድሜ «ተክሊል» ከዚያው ይወጣል፤ የአስተዳደሩ «ክልል»ም እንዲሁ። ክልልና አክሊል ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ልጅቷም ቢሆን ብዙ አልተሳሳተችም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ንጉሥ ተፈሪ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ተብለው ንጉሠ ነገሥት ሲሆኑ ቅብዐ ቅዱስ ተቀብተው ነው ዘውዱን የደፉት። እቴጌ መነንም በዚያው ቀን ዘውድ ጭነዋል። ትናንትም ቄሱ ሙሽሮቹን ቅብዐ ቅዱስ ቀብተው ነው አክሊሉን ያደረጉላቸው። ካባው፣ ቅባቱ፣ አክሊሉ፣ ባልና ሚስቱ፤ የቀረ ቢኖር ለንጉሥ የሚተኮሰው መድፍ ነው።

«ነገሠ» የሚለው ግስ ደግሞ ከንጉሡም በላይ ዕድሜ አለው። ዘውዱ በ1967 ዓ.ም. ቀርቷል፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ «መንግሥት» እንላለን። የመብራት ቆጣሪ ለማስገባት የምንመላለሰው ቢሮ ሳይቀር የ«መንግሥት መሥሪያ ቤት» ነው። ታቦት በወጣ ቁጥርም «ንግሥ» እንሄዳለን።

ዛሬ ጠዋት ይህን ሁሉ ላስረዳት ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። የገንፎ ሳህኗን ጭንቅላቷ ላይ ደፍታዋለች። ገንፎው ገና አላለቀም ነበር።