ስንቱ ገባ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ቆየ?

ፋብሪካ በተመረቀ ቁጥር የምንሰማው ነገር አንድ ነው፦ "ለዚህን ያህል ሺህ ወጣት የሥራ ዕድል ይፈጥራል።" ድሬ ይህን ብታምን አይፈረድባትም። ባቡሩ፣ ጨርቃ ጨርቁና ሲሚንቶው ናቸው ያሳደጓት። 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠናው ሲመረቅም ተስፋው ይሄው ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የተቀጠሩት ልጆች ከዓመት በኋላ የት ናቸው?

ይህን በደንብ የጠየቀ ጥናት እዚሁ አገራችን ውስጥ ተሠርቷል። ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ከአምስት ድርጅቶች ጋር ተስማሙ። አመልካቹ ከክፍት ቦታው ይበልጥ ስለነበር ማን እንደሚገባ በእጣ ተወሰነ። ወደ 1,000 ከሚጠጉት አመልካቾች፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ አንዱ ቡድን ሥራው ደረሰው፣ ሌላው ወደ 300 ዶላር የሚጠጋ ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና አገኘ፣ ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። እጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ኮንዶሚኒየምም በእጣ ነው የሚወጣው። እዚህ ላይ የጠቀመው ግን የገባችውንና ያልገባችውን የለየው ዕድል ብቻ ስለሆነ ነው። በኋላ የመጣውን ልዩነት "ዘመድ ስላላት ነው"፣ "ጎበዝ ስለሆነች ነው" ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ውጤቱ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያልጠበቁት ሆነ። ፋብሪካ ከገቡት ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ለቀቁ፣ ዓመቱ ሲሞላ አብዛኞቹ የሉም። ገቢያቸው ምንም ካልተሰጣቸው አልተሻለም፣ ጤናቸው ግን ተጎዳ። ገንዘብ የተሰጣቸው ደግሞ ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ አለ። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። "እንግዲያው ብሩን አድሉ፣ ፋብሪካው ይቅር" ለማለት ግን አይቸኮልም፤ ከ5 ዓመት በኋላ እነዚያኑ ሰዎች ፈልገው ሲጠይቁ ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር።

አቦ፣ እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ሁሉ እየታወቀ ስብሰባ ላይ ዛሬም "ወጣቱ የሥራ ባህል የለውም" መባሉ ነው። የለቀቁትን ልጆች ማን ጠየቃቸው? ከገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ፣ በድሬ ሙቀት ፋብሪካዎቹ ወዳሉበት መልካ ጀብዱ ድረስ የምትመላለስ ልጅ ሥራዋን ስትለቅ ምናልባት ሒሳቧን ሠርታ ነው። ምክንያቱ ባህል ነው ተብሎ ከተደመደመ መፍትሔውም የአንድ ሳምንት ሥልጠና ይሆናል፣ ልጅቷም ሠልጥና ትለቃለች። ምክንያቱ ደመወዙ ወይም ጤናዋ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ውሳኔ ሌላ ነው።

የዚያ ጥናት ፋብሪካዎች የእኛ አይደሉም፣ ቁጥሩን እንዳለ ገልብጠን ድሬ ላይ መለጠፍ አንችልም። ስለዚህ የራሳችንን እንጠይቅ። ከባድ ነገር አይደለም፤ ሲቀጠሩ ስልካቸውን መያዝ፣ ተመዝግበው ያልተቀጠሩትንም አብሮ መያዝ፣ በስድስት ወርና በዓመቱ መደወል። የለቀቁትን በተለይ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፣ መጠይቅ መሙላት የሚችል ተማሪም ሞልቷል። አስተዳደሩ ደግሞ መልሱ ከመምጣቱ በፊት በጽሑፍ ቃል ይግባ፦ የለቀቁት በትራንስፖርት ከሆነ ሰርቪስ፣ በጤና ከሆነ ክሊኒክ፣ በደመወዝ ከሆነ ከባለሀብቱ ጋር ድርድር።